ከሰማይ ሬዲዮ ያሰሙት ሰው



በደጀን አፋፍ ላይ ቆሞ ወደ ዓባይ በረሃ የሚመለከት ሰው የማዶውን አፋፍ ያያል። ማዶው ጎሐ ጽዮን ነው። በዓይን ሲያዩት ቅርብ ነው። በእግር ሲሄዱት ግን ቁልቁለቱና ዳገቱ ጉልበት ይጨርሳል።

ድምፅም እንደዚሁ ነው። ከዚህ አፋፍ ቢጮሁ ማዶ አይሰማም። ድምፁን ገደሉ ይውጠዋል። ታዲያ ዛሬ ከደጀን፣ ከቢቸናና ከሞጣ አዲስ አበባ ድረስ፣ አልፎም ውቅያኖስ ተሻግሮ ወሬ የሚደርሰው እንዴት ነው?

በዚህ ሳምንት ስለዚሁ ጉዳይ ጽሑፍ አዘጋጅተናል። የአንድ ሰው የሥራ ታሪክ ነው። እኒህ ሰው አዲስ አበባ ተወለዱ። ባሕር ማዶ ሄደው ተማሩ። ከዚያም ለአፍሪካ ሕዝብ ከሰማይ ሬዲዮ ለማሰማት ተነሡ። ስማቸው አቶ ኖህ ሳማራ ይባላል። ያሰቡትን በከፊል አደረጉ፤ በከፊል ደግሞ አልሆነላቸውም። ሁለቱንም እንናገራለን። ከሁለቱም ትምህርት ይገኛልና።

በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በእኛ አቆጣጠር ናቸው። የፈረንጆቹን ስንጠቅስ «በፈረንጆች» እንላለን።

ድምፅን ገደል ለምን ይውጠዋል?

ከታሪኩ በፊት ነገሩን እንረዳ።

ሬዲዮ ጣቢያ ድምፅን ወደ ሞገድ ይለውጣል። ሞገድ በዓይን አይታይም። በኩሬ ውስጥ ድንጋይ ስንጥል ውሃው ክብ እየሠራ ወደ ዳር ይሄዳል አይደል? የሬዲዮ ሞገድም ከጣቢያው ተነሥቶ ወደየአቅጣጫው ይሄዳል። ፍጥነቱ ግን የውሃውን አይመስልም። በአንድ ሰከንድ ውስጥ 300,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ሰከንድ ማለት ዓይን ጨፍኖ እስኪገልጡ ያለ ጊዜ ነው።

ሞገድ ብዙ ዓይነት ነው። አጭር ሞገድ የሚባለው ወደ ሰማይ ወጥቶ፣ ከላይኛው አየር ነጥሮ ይመለሳል። ስለዚህ ሩቅ አገር ይደርሳል። ዳሩ ግን ይንጫጫል፤ ይመጣል፤ ይጠፋል። በተለይ ማታና ቀን ይለያያል። ሬዲዮ ያለው ሰው ይህን ያውቀዋል። አንዴ ጥርት ብሎ ሲያወራ የነበረው ጣቢያ፣ ዋናው ወሬ ላይ ሲደርስ እንደ ጥብስ መንጨርጨር ይጀምራል።

ኤፍ ኤም የሚባለው ደግሞ ጥርት ያለ ነው። ነገር ግን ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ተራራ ሲያጋጥመው ይቆማል። ገደል ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ምሰሶ በከፍታ ቦታ ይተከልለታል። ምሰሶና ምሰሶ መተያየት አለባቸው። አንዱ ካንዱ ተቀብሎ ለሌላው ያቀብላል። ለቅሶ ሲደርስ ጡሩንባ ነፊ ከኮረብታ ኮረብታ እንደሚያቀባብለው ማለት ነው።

እንደ ጎጃም ባለ፣ ጮቄ ተራራ በሚቆምበት፣ ዓባይ በዙሪያው በሚጠልቅበት አገር ምሰሶ መትከል ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። የአፍሪካ አብዛኛው ገጠርም እንዲሁ ነው። አንዱ ጋ ተራራ፣ አንዱ ጋ በረሃ፣ አንዱ ጋ ደን አለ።

ታዲያ ምሰሶውን ከተራራ ሁሉ በላይ ብናቆመውስ? ሰማይ ላይ ብንተክለውስ? የሳተላይት ሐሳብ ይኸው ነው።

ሰው ሠራሽ ጨረቃ

ሳተላይት ማለት በምድር ዙሪያ እንዲዞር ወደ ሰማይ የተላከ መሣሪያ ማለት ነው። አንዳንዶች ሰው ሠራሽ ጨረቃ ይሉታል። የመጀመሪያው ሳተላይት መስከረም 24 ቀን 1950 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1957) ከሶቪየት ኅብረት የተላከው ስፑትኒክ ነው።

ሳተላይት ይዞራል። ታዲያ የሚዞር ነገር እንዴት ምሰሶ ይሆናል? ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ አይሆንም ወይ?

ይህን ለመረዳት አውድማን እናስብ። በሬዎች ጎን ለጎን ሆነው ሲያበራዩ፣ የውስጠኛው በሬ ትንሽ ክብ ይዞራል። የውጭኛው በሬ ትልቅ ክብ ይዞራል። የውጭኛው ብዙ መንገድ ስለሚሄድ ፈጠን ይላል። ነገር ግን ሁለቱም አንድ ዙር የሚጨርሱት እኩል ነው። ስለዚህ የውስጠኛው በሬ ዞር ብሎ ቢመለከት፣ የውጭኛው ጓደኛው ሁልጊዜ ከጎኑ ነው። አይቀድመውም፤ አይቀርበትም።

ምድርም ትዞራለች። በ24 ሰዓት አንድ ጊዜ ትዞራለች። ቀንና ሌሊት የሚፈራረቁት ለዚህ ነው። እንግዲህ እኛ የውስጠኛው በሬ ነን። ሳተላይቱን በምድር ወገብ ትይዩ፣ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ አድርገን ብናስቀምጠው፣ እሱም በ24 ሰዓት አንድ ጊዜ ይዞራል። እሱ የውጭኛው በሬ ነው። ስለዚህ ከምድር ሆነን ስናየው አንድ ቦታ የቆመ ይመስላል።

36,000 ኪሎ ሜትር ምን ያህል ነው? ከደጀን አዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያንን መንገድ ከ150 ጊዜ በላይ መሄድ ማለት ነው። ቢሆንም ሞገድ ፈጣን ነው። ከምድር ወጥቶ፣ ሳተላይቱን ነክቶ ለመመለስ የአንድ ሰከንድ ሩብ ይበቃዋል።

አርተር ክላርክ የተባሉ እንግሊዛዊ ጸሐፊ ይህንን ሐሳብ በ1938 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1945) ጽፈው ነበር። ያኔ ሕልም ይመስል ነበር። ሃያ ዓመት ሳይሞላ እውነት ሆነ።

አቶ ኖህ ሳማራ ማን ናቸው?

አቶ ኖህ የተወለዱት አዲስ አበባ ነው። እናታቸው ኢትዮጵያዊት፣ አባታቸው ሱዳናዊ ናቸው። ለትምህርት ወደ አሜሪካ ሄዱ። በዋሽንግተን ከተማ በሚገኘው ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተማሩ።

እዚህ ላይ አንባቢ «ሕግ የተማረ ሰው ከሳተላይት ጋር ምን አገናኘው?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ትክክል ነው። ሳተላይቱን የሚሠራው መሐንዲስ ነው። ነገር ግን ሰማይም ሕግ አለው።

በመስኖ የሚያለማ ገበሬ ይህን ይረዳል። አንድ ቦይ ውሃ ለብዙ ማሳ ሲሆን ተራ ይወጣለታል። ተራውን የሚጠብቅ የውሃ አባት ይመረጣል። ሁሉም እንደፈለገ ቦዩን ቢሰብር ለማንም አይደርስም። የሬዲዮ ሞገድም መስመር መስመር አለው። ሁለት ጣቢያ በአንድ መስመር ቢናገሩ ማንም አይሰማም። ስለዚህ የዓለም መንግሥታት ተሰብስበው መስመሩን ይከፋፈላሉ። የሚሰበሰቡበት ማኅበር ዓለም አቀፍ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ይባላል። መቀመጫው ስዊዘርላንድ አገር ጄኔቫ ነው።

አቶ ኖህ ትምህርታቸውን ጨርሰው በዚህ የሳተላይት ሕግ ሥራ ገቡ። በሳተላይት ኩባንያ ውስጥም ሠሩ። ከመሐንዲሶች ጋር እየዋሉ የሳተላይትን ነገር አወቁ። ማን መስመር እንዳገኘ፣ ማን እንዳላገኘ አዩ። ሀብታሞቹ አገሮች ቀድመው ይዘዋል። አፍሪካ ግን ከኋላ ነበረች።

በ1970ዎቹ ማብቂያ ግድም አንድ ነገር ልባቸውን ነካው። ያን ጊዜ የኤድስ በሽታ በአፍሪካ መስፋፋት ጀምሮ ነበር። አቶ ኖህ ስለዚሁ በጋዜጣ አነበቡ። ሰው የሚሞተው መድኃኒት በማጣት ብቻ አይደለም። በሽታው በምን እንደሚተላለፍ፣ በምን እንደሚከለከል የሚነግረው አጥቶም ነው። ሐሳቡ የመጣላቸው ያኔ መሆኑን ራሳቸው በተለያየ ጊዜ ተናግረዋል። መድኃኒት እስኪመጣ ጊዜ ይወስዳል። ወሬ ግን በአንድ ቀን ይደርሳል። የሚያደርሰው ከተገኘ ነው።

እንግዲህ ሐሳባቸው ይህ ሆነ። አንድ ሳተላይት ከአፍሪካ በላይ ይቁም። ጥርት ያለ የሬዲዮ ድምፅ ያውርድ። ገደል ይሁን ተራራ፣ በረሃ ይሁን ደን፣ ሰማይ የሚታይበት ቦታ ሁሉ ይሰማ።

ፈቃዱና ገንዘቡ

በፈረንጆች 1990 አቶ ኖህ ዋሽንግተን ላይ አንድ ኩባንያ አቋቋሙ። ስሙን ወርልድስፔስ አሉት።

መጀመሪያ መስመር ማግኘት ነበረባቸው። በ1984 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1992) የዓለም መንግሥታት መልክተኞች በስፔን አገር ቶሬሞሊኖስ በተባለ ከተማ ተሰበሰቡ። በዚያ ጉባኤ ከሳተላይት በቀጥታ ወደ ሰው ሬዲዮ ለሚወርድ ድምፅ አዲስ መስመር ተፈቀደ። አቶ ኖህ ሲደክሙለት የነበረው ይህ ነበር።

ቀጥሎ ገንዘብ ነው። ሳተላይት ርካሽ አይደለም። መሥራቱ፣ መላኩ፣ መድን መግባቱ፣ ከምድር መጠበቁ ሁሉ ያስወጣል። አቶ ኖህ ከባለገንዘብ ባለገንዘብ እየሄዱ ለመኑ፤ አስረዱ። «በድሀ አገር ማን ይገዛችኋል?» የሚል አልጠፋም። እሳቸው ግን አልተመለሱም። ካልተናገሩ ደጅ አዝማችነት ይቀራል እንደሚባለው ነው። በመጨረሻ ኩባንያው ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ። 1 ቢሊዮን ማለት 1 ሚሊዮን 1,000 ጊዜ ማለት ነው።

ሳተላይቱን የሠራው አልካቴል የተባለ የፈረንሳይ ኩባንያ ከሌሎች ጋር ሆኖ ነው። የሬዲዮዎቹን መቀበያ ደግሞ የጃፓን ኩባንያዎች ሠሩ። እነሱም ሂታቺ፣ ጄቪሲ፣ ፓናሶኒክና ሳንዮ ናቸው።

ጥቅምት 18 ቀን 1991 ዓ.ም.

የመጀመሪያው ሳተላይት አፍሪስታር ተባለ። ክብደቱ ወደ 27 ኩንታል ይጠጋል። ጥቅምት 18 ቀን 1991 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1998) አሪያን 4 በተባለ ሮኬት ተጭኖ ወደ ሰማይ ወጣ። የተነሣው በደቡብ አሜሪካ ካለችው ከፈረንሳይ ጊያና፣ ኩሩ ከተባለ ቦታ ነው።

ቦታው ያለ ምክንያት አልተመረጠም። ኩሩ ለምድር ወገብ ቅርብ ነው። ምድር በወገቧ በኩል ስትዞር ፍጥነቷ ከሌላው ቦታ ይበልጣል። ሮኬቱ ያንን ፍጥነት ይዞ ይነሣል። ድንጋይ በወንጭፍ አሽከርክሮ እንደሚወረውር እረኛ፣ ምድር ራሷ ታግዘዋለች።

አፍሪስታር ከኮንጎ አገር በላይ ባለው ሰማይ ቦታዋን ያዘች። ከደጀን ሆኖ ቢያመለክቱ በምዕራብና በደቡብ መካከል፣ ከፍ ብላ ማለት ነው። በዓይን ግን አትታይም። ጉልበቷ የፀሐይ ብርሃን ነበር። በክንፎቿ ላይ የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡ ሰሌዳዎች ነበሩ። ዛሬ በየመንደሩ ጣሪያ ላይ የምናያቸው የፀሐይ ሰሌዳዎች ዘመዶች ናቸው።

ከምድር ጣቢያዎች ድምፅ ወደ ሳተላይቷ ይላክ ነበር። እሷ ተቀብላ በሦስት አቅጣጫ ታወርድ ነበር። እያንዳንዱ አቅጣጫ ወደ 14 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ያዳርስ ነበር። ይህም ከኢትዮጵያ ስፋት ከ12 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ለአንዱ አገር ምሰሶ ሳይተከል፣ መንገድ ሳይቆረጥ፣ አህጉሩ በሙሉ ሊሰማ ቻለ።

መደበኛው ሥራ በ1992 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ጀመረ። በዚያው ዓመት መጋቢት 12 ቀን ኤሲያስታር የተባለ ሁለተኛ ሳተላይት ተከተለ። እሱ ለእስያ ነበር።

ምን ተሰማ?

ሳተላይት ሬዲዮ የነበረው ሰው መዳፍ የምታህል ጠፍጣፋ መቀበያ ወደ ሰማይ ያዞር ነበር። ድምፁ ጥርት ብሎ ይመጣ ነበር። መንጫጫት አልነበረም። ሙዚቃ፣ ወሬ፣ ትምህርት በብዙ ቋንቋ ይሰማ ነበር።

ከሳተላይቱ አቅም ውስጥ 5 በመቶው ለሕዝብ ጥቅም እንዲውል ተለየ። 5 በመቶ ማለት ከ100 እጅ 5 እጅ ነው። በዚህ ክፍል ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ እርሻ ፕሮግራም ይተላለፍ ነበር። በኬንያ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች የሬዲዮ ትምህርት በዚሁ ሳተላይት ይላክ ነበር።

ለገበሬ ቅርብ የሆነው ግን ራኔት የተባለው ሥራ ነው። ራኔት በኒጀር አገር ተጀመረ። የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤቶች የሚያውቁትን የዝናብና የድርቅ ወሬ በሳተላይቱ ይልኩ ነበር። በገጠር ያለ ትንሽ የመንደር ሬዲዮ ይህን ይቀበል ነበር። ከዚያ በመንደሩ ቋንቋ ተርጉሞ ለገበሬውና ለከብት አርቢው ይናገር ነበር።

ይህን ልብ እንበል። ሳተላይቱ ብቻውን አልሠራም። ወሬውን የሚያጠና ሰው ነበር። በሕዝቡ ቋንቋ የሚናገር ሰው ነበር። የሚሰማ ጎረቤት ነበር። ሳተላይቱ በመሃል ያለው ድልድይ ነበር። ድልድይ ደግሞ በሁለቱም ዳር መንገድ ከሌለው ዋጋ የለውም።

ምን ጎደለ?

አሁን ወደ ችግሩ እንምጣ።

የሳተላይት ሬዲዮው መቀበያ ሲወጣ ዋጋው ከ100 ዶላር በላይ ነበር። ያን ጊዜ 1 ዶላር ወደ 8 ብር ገደማ ይመነዘር ነበር። ስለዚህ ከ800 ብር በላይ ማለት ነው። ይህ በገበሬ ቤት ከከብት ዋጋ ጋር የሚተያይ ገንዘብ ነበር። ለወሬ ብሎ ከብቱን ማን ይሸጣል?

ሌላም ነበር። መቀበያው ወደ ሰማይ በቀጥታ መታየት ነበረበት። ግድግዳና ጣሪያ ይጋርዱት ነበር። የተለመደው ትንሽ ሬዲዮ ግን በኪስ ይያዛል፤ እረኛውም ከብት እየጠበቀ ይሰማዋል።

ኋላ ደግሞ ኩባንያው ገቢ ስላነሰው አብዛኛውን ፕሮግራም በወር ክፍያ አደረገው። ያልከፈለ አይሰማም ሆነ። በ1997 ዓ.ም. (በፈረንጆች 2005) አክሲዮን ለሕዝብ ሸጦ ተጨማሪ ገንዘብ አገኘ። ወደ ህንድ አገር ብዙ ፊቱን አዞረ። ቢሆንም በዓለም ሁሉ ያገኛቸው ከፋይ ደንበኞች ወደ 170,000 ገደማ ብቻ ነበሩ። ከነሱም አብዛኞቹ ህንድ ነበሩ። ሐሳቡ የተነሣላት አፍሪካ ጥቂት ደንበኛ ብቻ ነበራት።

ወጪው ግን አይጠብቅም። ብድር ወለድ ይወልዳል። ወለዱም ሌላ ብድር ይጠራል። ጥቅምት 7 ቀን 2001 ዓ.ም. (በፈረንጆች 2008) ወርልድስፔስ ዕዳዬን መክፈል አልቻልኩም ብሎ ለአሜሪካ ፍርድ ቤት አመለከተ። ዕዳው ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ከዚያ በኋላ አገልግሎቱ ተዳከመ፤ ቆመም።

እንግዲህ ሳተላይቱ ሠርቷል። መሐንዲሶቹ አላሳፈሩም። ድምፁ ከ36,000 ኪሎ ሜትር ወርዶ በአፍሪካ መንደር ተሰምቷል። ያልተሻገረው ገደል ሌላ ነው። እሱም በዕቃው ዋጋና በሰሚው ኪስ መካከል ያለው ገደል ነው።

በአሜሪካ ያለው ታሪክ ይህን ያስረዳል። እዚያም ኤክስ ኤም የተባለ የሳተላይት ሬዲዮ ነበረ። ሲጀመር ወርልድስፔስም እጁ ነበረበት። ኤክስ ኤም በ1994 ዓ.ም. (በፈረንጆች 2001) ሥራ ጀመረ። በአሜሪካ ሰው መኪና ውስጥ ብዙ ሰዓት ይቀመጣል። በየወሩ ለመክፈልም አይቸገርም። ስለዚህ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ገዛ። ሁለቱም ሳተላይት ሬዲዮ ናቸው። የለያያቸው የሰሚው አቅም ነው።

መንገዱ አልቀረም

አቶ ኖህ ኩባንያው ሲወድቅ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በኋላ ያዝሚ የተባለ ሥራ ጀመሩ። በዚህ ሥራ ሳተላይቱ ድምፅ ብቻ ሳይሆን የትምህርት መጻሕፍትንና ሥዕሎችን እንዲያወርድ ተደረገ። ተማሪዎች ሰሌዳ በሚመስል ትንሽ ኮምፒውተር ይቀበሉት ነበር። በህንድና በደቡብ አፍሪካ በትምህርት ቤቶች ተሞከረ።

ወደ አገራችን እንመለስ። ከደጀን ተነሥቶ ዓባይን ተሻግሮ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሱሉልታን ያልፋል። በሱሉልታ ትልቅ ሳህን የሚመስል መሣሪያ ያለበት የሳተላይት ጣቢያ ተሠርቷል። የተሠራው በ1970ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጆች 1979) ነው። ኢትዮጵያ ከውጭ አገር ጋር በሳተላይት ስልክ እንድትገናኝ ያደረገው እሱ ነው።

በ1997 ዓ.ም. ደግሞ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚመጣ የቴሌቪዥን ትምህርት ተጀመረ። ሕዝቡ «ፕላዝማ» ይለው ነበር። መምህር ባልበቃበት ክፍል ትምህርቱ ከሰማይ ይወርድ ነበር። መብራት ሲጠፋ ግን ትምህርቱም ይጠፋ ነበር። ይኸም ያው የድልድዩ ነገር ነው።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. (በፈረንጆች 2019) ኢትዮጵያ የራሷን የመጀመሪያ ሳተላይት ከቻይና አገር አስወነጨፈች። ክብደቷ ከአንድ ኩንታል ያንሳል። የእሷ ሥራ ድምፅ ማሰማት አልነበረም። ከላይ ሆና ምድርን ፎቶግራፍ ማንሣት ነበር። እርሻን፣ ደንን፣ ውሃን ትመለከታለች ተብላ ነው የተላከችው። ምስሏን የሚቀበለው ጣቢያ እንጦጦ ላይ ነበር። በሥራው ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች ከቻይናውያን ጋር ተካፍለዋል። እነዚህ ወጣቶች አገራቸው ላይ ሆነው ሳተላይት መምራት ለመዱ።

በርካሽ የደረሰው

አቶ ኖህ ያሰቡት ነገር፣ ማለትም ለገጠር ሰው የሚጠቅም ወሬ ማድረስ፣ በሌላ መንገድም መጣ። እሱም ተንቀሳቃሽ ስልክ ነው። በኢትዮጵያ የተጀመረው በ1991 ዓ.ም. ነው። አፍሪስታር ወደ ሰማይ በወጣችበት ዓመት ማለት ነው። ያኔ የጥቂት የአዲስ አበባ ሰዎች ዕቃ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ግን የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች ከ70 ሚሊዮን በላይ ሆኑ።

በ2006 ዓ.ም. ለገበሬዎች 8028 የተባለ የስልክ ቁጥር ተከፈተ። ገበሬው ያለ ክፍያ ይደውል ነበር። ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ አዝመራ የተቀዳ ምክር በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ይሰማ ነበር። ማንበብ ለማይችል ሰው እንኳ እንዲሆን ተብሎ ነው የተሠራው።

ልዩነቱን እንይ። 8028 ገበሬውን አዲስ ዕቃ ግዛ አላለውም። በእጁ ባለው ተራ ስልክ መጣለት። ክፍያም አልጠየቀውም። ስለዚህ ብዙ ሰው ደወለ።

ታዲያ ሳተላይት ከንቱ ነው ማለት ነው? አይደለም። ምሰሶ የማይደርስበት ቦታ እስካለ ድረስ ሳተላይት ያስፈልጋል። በሩቅ ቆላ የቆመ የስልክ ምሰሶ በሳተላይት ከከተማ ጋር ሊገናኝ ይችላል። ደዋዩ ግን አያውቀውም። እሱ የያዘው ርካሹን ስልክ ነው። ውዱን ሥራ ሳተላይቱና ምሰሶው በጋራ ይሠሩለታል።

ምን እንማር?

ከአቶ ኖህ ሳማራ የሥራ ታሪክ እኛ ሦስት ነገር አግኝተናል።

አንደኛ፣ ወሬ ማጣት እንደ እህል ማጣት ይጎዳል። በሽታው በምን እንደሚመጣ ያላወቀ ሰው ራሱን አይጠብቅም። የገበያውን ዋጋ ያላወቀ ገበሬ ጤፉን ነጋዴ በጠራለት ዋጋ ይሰጣል። አቶ ኖህ ይህንን ቀድመው አዩ።

ሁለተኛ፣ ትልቅ ሥራ አንድ ሰው አይሠራውም። አንዱ ሕግ ያውቃል። አንዱ ብረቱን ይሠራል። አንዱ ገንዘብ ያወጣል። አንዱ በመንደሩ ቋንቋ ይናገራል። ከነዚህ አንዱ ሲጎድል ሥራው ይነክሳል።

ሦስተኛ፣ ለሕዝብ ነው የተባለ ነገር ሁሉ ሲመጣ «ዋጋው ስንት ነው? ማን ይከፍላል? ቢበላሽ ማን ይጠግነዋል?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሞተርም ይሁን፣ ፓምፕም ይሁን፣ የፀሐይ መብራትም ይሁን፣ ጥያቄው ያው ነው። ዕቃው ጥሩ መሆኑ ብቻ አይበቃም። በእኛ አቅም የሚኖር መሆን አለበት።

ተወያዩበት

ይህን ጽሑፍ በቡድን ሆናችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ከዚያ በሚከተሉት ተወያዩ።

1. በእናንተ ቀበሌ ስልክ የማይሰማበት ቦታ የት ነው? ለምን ይመስላችኋል?

2. ሳተላይት አንድ ቦታ የቆመ የሚመስለው ለምንድን ነው? በአውድማው ምሳሌ አስረዱ።

3. ወርልድስፔስ ለምን ወደቀ? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

4. በዚህ ዓመት ቀድማችሁ ብታውቁት ኖሮ የሚጠቅማችሁ የነበረ ወሬ ምን ነበር? ከየት ልታገኙት ትችሉ ነበር?

የአራተኛውን ጥያቄ መልስ በደብተራችሁ ላይ በአምስት መስመር ጻፉት። ስሕተት እንዳይኖር ብላችሁ አትፍሩ። ጽፋችሁም ለጎረቤታችሁ አንብቡለት።